«ዓሣው ይበላል»፦ ፊደል ለይተው ማንበብ ላልሆነላቸው ልጆች

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ዳር በሚገኝ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። 64 ተማሪዎች አሉኝ፤ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ይዳረሳል። አብዛኞቹ ፊደል ያውቃሉ፤ ቃል ሳስነብባቸው ግን «ዓ… ሣ… ው…» እያሉ ይቆጥሩና ምን እንዳነበቡ ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ። ዐሥር ያህሉ ፊደልም በቅጡ አይለዩም። መርጃ መሣሪያ የምንገዛበት ገንዘብ የለንም። ለእነዚህ ልጆች የሚሆን ታሪክ ከየት ላግኝ? በምንስ ላስተምር?

ምላሽ፦ መምህርት፣ እስቲ በመጀመሪያ «ዓሣው ይበላል» ብለው ሰሌዳ ላይ ይጻፉና ጮክ ብለው ያንብቡት። ዓሣው ትል ይበላል ማለት ነው ወይስ ዓሣው ለምሳ ይበላል? በመጀመሪያው ንባብ «ይበላል» ከዳር እስከ ዳር ይላላል፤ በሁለተኛው «በ» እና «ላ» ይጠብቃሉ። ሰሌዳው ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የአንዲት ነጥብ ልዩነት እንኳ የላቸውም። የትኛው እንደሆነ የሚያስታውቀው ቀድሞ የተነገረው ነገር ነው። ከፊቱ «እናቴ ወጥ ሠራች» የሚል ካለ፣ የሐይቅ ዳር ልጅ ማንም ሳይነግረው አጥብቆ ያነበዋል።

የተማሪዎችዎ ችግርም ሆነ መፍትሔው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ፊደላችን ከድምፁ አብዛኛውን ያሳያል እንጂ ሁሉንም አያሳይም። የቀረውን አንባቢው ከጆሮው ያመጣዋል። «ዋና» ውኃ ውስጥ ሲሆን ይላላል፤ «ዋና መንገድ» ስንል «ና» ይጠብቃል። «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋው ሰውዬ ሲሆን ይላላል፤ ጠባብ ያልሆነ ነገር ሲሆን «ፊ» ይጠብቃል። «ገና» በዓሉ ሲሆን ይጠብቃል፤ «ገና አልመጣም» ስንል ይላላል። ሳድስ ደግሞ የራሱ መሰናክል አለው። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች አንዱን ርብን ይውሰዱ። ሁለቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ «ር» ግን ከአናባቢ ጋር ትነበባለች፣ «ብ» ያለ አናባቢ ትዘጋለች። የሚቆጥር ልጅ ሁለቱንም እኩል ይጠራቸዋል፤ ከአፉ የሚወጣውም በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቅ ቃል ይሆንበታል። ዝም የሚሉት ለዚህ ነው። ፊደሎቹን በትክክል ጠርተዋቸዋል፤ ቃሉን ግን አልሰሙትም።

ስለዚህ ተነጥሎ የተሰጠ ቃል፣ የቃላት ዝርዝርም ቢሆን፣ እነዚህን ልጆች አያሻግራቸውም። የሚያሻግራቸው ቃሉ ከመምጣቱ በፊት ጆሯቸውን የሚያዘጋጅላቸው ታሪክ ነው። ታሪክን ከንባብ በኋላ እንደሚሰጥ ሽልማት አድርገን ማየት የለብንም። ለአማርኛ ንባብ ታሪክ ራሱ መሣሪያ ነው።

ይህን የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ከእኛ ቀድሞ አውቆታል። የዘጌና የደሴቶቹ የኔታዎች አንድ ልጅ ፊደል ስለለየ ብቻ አነበበ አይሉም። ፊደል ከለየ በኋላ በቁጥር ያነባል፤ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ይጠራል። ከዚያ ቀስ በቀስ ቃሉን አያይዞ ወደሚያነብበት ወደ ውርድ ንባብ ይሸጋገራል፤ የሚጠብቀውን ከሚላላው፣ ድምፁ የሚነሣውን (ተነሹን) ከሚወድቀው (ከወዳቂው) የሚለየውም መምህሩ ሲያነብ እየሰማ ነው። የእርስዎ ልጆች ቁጥር ላይ ቆመው ቀሩ እንጂ ሰነፎች አይደሉም። ይህ የእርስዎ ክፍል ብቻ ጉዳይም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና በርካታ የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር።

እኔም በዚሁ ጉዳይ ተታልዬ አውቃለሁ። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ክፍሌ ሲያነብ ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ጎረቤት ክፍል ያሉ መምህራንም ያመሰግኑኝ ነበር። አንድ ቀን በመቀመጫዎቹ መካከል ስዘዋወር፣ ከሁሉም ጮክ ብሎ የሚያነበው ልጅ መጽሐፉን የገለጠው ሌላ ገጽ ላይ እንደነበር አየሁ። ምንባቡን ከጓደኞቹ አፍ ሸምድዶታል። ቃል አይስትም፣ አይደናቀፍም፤ ብቻ አያነብም። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ለወራት ሳስተምር የቆየሁት ዜማውን ነበር።

ስለዚህ ከታሪኩ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። ካርቶን ቆርጠው መሃሉ ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ያብጁ። የፊደል ገበታው ላይ እያዘዋወሩ ልጆቹን አንድ በአንድ ይጠይቁ። ፊደሉን በእውነት የለየ ልጅ ወዲያው ይመልሳል። ዜማውን ብቻ የያዘ ልጅ «ቤ»ን ለማግኘት ከ«በ» ተነሥቶ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ…» እያለ ይመጣል። እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ከሆኑ 33ቱን በሰባት አባዝተው 231 ፊደል እንደ አዲስ አያስሸምድዷቸው። ገበታውን ወደ ጎን ማንበቡን ለጊዜው ይተዉትና ከላይ ወደ ታች ያስነብቧቸው፤ ሉ፣ ቡ፣ ሱ፣ ኩ። ካዕብ በአብዛኛው በቀኝ ጎኗ መሃል ላይ ቅጥያ እንዳላት፣ በሣልስ ያቺ ቅጥያ ወደ እግር እንደምትወርድ፣ ኃምስ ደግሞ እግሯ ላይ ቀለበት እንደምታስር ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። ሲደርሱበት ያላቸውን ደስታ ማየት ደስ ይላል። ሩን፣ ሪን፣ ፉን፣ ፊን፣ ዩንና ዪን «እንቢተኞች» ብለው ለብቻ ያስጠኗቸው። የሳድስና የሳብዕ መልክ ሥርዓት ስለሌለው በቃል ውስጥ ይለመዳል። ሀ፣ ሐ፣ ኀን እንዲሁም ሰና ሠን መለየት ደግሞ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ጭንቀት አይሁን። «ሀይቅ» ብሎ የጻፈ ልጅ አንብቧል፣ ጽፏልም፤ ትክክለኛውን አጻጻፍ ከጎኑ ጽፈው ያሳዩት እንጂ በቀይ አይሰርዙበት።

አሁን ወደ ታሪኩ። ከየት ላግኝ ላሉት፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ወይም ስድስት ታሪኮች ከየትም አያምጡ፤ ከልጆቹ አፍ ይውሰዷቸው። ልጅ ራሱ የተናገረውን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ጆሮው ቀድሞ ያውቀዋል፤ የሚጠብቀውን አያላላም፣ የሚላላውንም አያጠብቅም። ሰኞ ዕለት ስለ አንድ የሚያውቁት ነገር ያውሯቸው፤ ስለ ታንኳ፣ ስለ ቡና ለቀማ፣ ስለ ጉማሬ፣ ስለ እምቦጭ ነቀላ። የተናገሩትን ከስምንት በማይበልጡ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች በትልቁ ይጻፉ። ቃላቸውን አያሳምሩት። ከዚህ በታች ያለው በእንዲህ ዓይነት ክፍል የተሠራ ምንባብ ነው፤ ደንገል ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል ነው፦

አባቴ ደንገል ቆረጠ።
ደንገሉን አሰረ።
ሰፊ ታንኳ ሠራ።
ታንኳው ቀላል ነው።
አባቴ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ።
ጠዋት ሄደ፣ ማታ ተመለሰ።
አሁን ታንኳው ከባድ ነው።
አባቴ ታንኳውን በፀሐይ አቆመው።

ይህ ምንባብ ትንሽ ይመስላል። ግን «ሰፊ» የሚለውን ይመልከቱ፤ ከኋላው «ታንኳ» ስለመጣ አጥብቆ ከማንበብ ሌላ መንገድ የለም። «ታንኳ» አራት ጊዜ፣ «አባቴ» ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፤ አንድ ልጅ በመጀመሪያው ቢደናቀፍ በሦስተኛው ይይዘዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይመልሰው ጥያቄ አለው፤ ታንኳው ለምን ከበደ? እኔ ስጠይቅ አንዷ ልጅ «ዓሣ ስለሞላ» አለች። ሌላው ወዲያው ተቃወማት፤ «ዓሣውማ ወርዷል፤ ዓሣ ቢሆን ኖሮ ፀሐይ ላይ ለምን ያቆመዋል?» አለ። ደንገል ውኃ እንደሚጠጣ፣ ከሥራ በኋላም ቆሞ ካልደረቀ እንደሚበሰብስ የሚያውቅ ልጅ ነበር። መልሱን ለማረጋገጥ ሁሉም ወደ ጽሑፉ ተመልሰው የመጨረሻውን መስመር አነበቡ። እንዲያነቡ ማንም አላዘዛቸውም። በኮሌጅ «የመረዳት ጥያቄ» የምንለው ይህን መምሰል አለበት። «ታንኳው የተሠራው ከምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ቃሉን ፈልጎ ጣት ከማሳረፍ አያልፍም።

የተጻፈውን በሳምንቱ ውስጥ እንዲህ ያዘልቁት። በመጀመሪያው ቀን የሚያነቡት እርስዎ ብቻ ይሁኑ፤ በዘንግ ከቃል ቃል እየጠቆሙ፣ እንደ ወሬ አድርገው እንጂ እየቆጠሩ አይደለም። ልጆቹ ጆሯቸውን ይስጡ። በማግስቱ ከእርስዎ ጋር አብረው ያንብቡ። በሦስተኛው ቀን ምንባቡን በወረቀት ቁርጥራጭ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ቁራጭ አድርገው ይበትኑትና መልሰው በቅደም ተከተል እንዲገጥሙት ያድርጉ። ሐሙስ ዓረፍተ ነገሩን ራሱን በቃላት ይቁረጡት። ዓርብ ከቃላቱ አዲስ ዓረፍተ ነገር ይሥሩ፤ «ታንኳው ሄደ»፣ «አባቴ ደንገሉን አቆመው»። የማያስኬድ ዓረፍተ ነገር ሠርተው ሲስቁ ዝም አያሰኟቸው፤ ትርጉሙ ሳይገባው የሚስቅ ልጅ የለም። ፊደል መቁጠር የሚመጣው በዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቃል ከሌላው የሚለይበትን ለማየት ብቻ ነው። መንገዱ ከሙሉው ወደ ቁራጩ ነው፤ በተለምዶ ከምናደርገው የተገላቢጦሽ መሆኑን አውቃለሁ። ፊደሉን በከፊል ለሚያውቁ ልጆች ግን ይህ ይሠራል፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ወደ ተረት ይሂዱ። አንዲት አያት ወይም አንድ አዛውንት ወደ ክፍል ይጋብዙ። «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበሉ፤ በመጨረሻም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል ከልጆቹ አንዱ ይነሣና ተረቱን መልሶ ይንገር። ይህ ልማድ ብቻውን ትልቅ የማስተማሪያ ስልት ነው፤ የሰማውን መልሶ መናገር የቻለ ልጅ፣ ያነበበውንም መልሶ ይናገራል። አያ ጅቦና እመት ጦጢት ለንባብ እጅግ የሚመቹት ደግሞ ንግግራቸው ስለሚመላለስ ነው። ተረቱን ሲጽፉት የሚመላለሰውን ንግግር አያሳጥሩት፤ ደካማው አንባቢ የሚንጠለጠልበት ገመድ እሱ ነው።

ተረት ሲመርጡ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በሐይቁ ዙሪያ ታንኳ የመሥራትን ጥበብ ይዘው የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው፤ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪም በየአካባቢው አሉ። አንዳንዱ የቆየ ተረት እነዚህን ሰዎች ያዋርዳል። የዚያ ቤት ልጅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለ ራሱ ቤተሰብ የሚያሳፍር ነገር እንዲያነብ የተገደደ ልጅ ንባብን ይጠላል፤ ቢጠላም አይፈረድበትም። እንዲህ ያለውን ተረት ይተዉት። የታንኳውን ምንባብ ሲያስነብቡ ግን ታንኳ ሠሪውን አባት ራሱን ጠርተው ደንገል እንዴት እንደሚታሰር በልጁ ፊት እንዲያሳይ ያድርጉ።

እንቆቅልሽንም አይርሱ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። «እንቆቅልሽ»፤ «ምን አውቅልህ»፤ «ሲጠጣ የሚከብድ፣ ፀሐይ ሲሞቅ የሚቀልል»። መልሱን ያጣ ቡድን «አገር ስጠኝ» ሲባል አገሩን በአፍ ሳይሆን ከጠረጴዛው ላይ ካርድ አንሥቶ በማንበብ ይስጥ። ካርዶቹ ላይ ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ፣ ጎርጎራ ብለው ይጻፉ። ልጆቹ ሲሸነፉም ያነባሉ፤ የሐይቁን ዙሪያም በዚያው ይማሩታል።

ቁሳቁሱ ብዙ አያስጨንቅዎ። ነጭ ማዳበሪያ ታጥቦ ሲወጠር በማርከር የሚጻፍበት፣ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ፣ ዓመት የሚቆይ ትልቅ ገጽ ይሆናል። የስሚንቶ ከረጢት የውስጥ ወረቀትም ያገለግላል። የፊደል ካርድ ከሳሙና ካርቶን ይቆረጣል፤ የለስላሳ ቆርኪ ላይ ፊደል ጽፎ ቃል መደርደር ልጆቹ በጣም የሚወዱት ጨዋታ ነው። ሙጫ ከዱቄት፣ ቢጫ ቀለም ከእርድ፣ ጥቁር ከከሰል ይገኛል። የሐይቁ ዳር አሸዋ ደግሞ 64 ልጅ በአንድ ጊዜ በጣቱ የሚጽፍበት ሰሌዳ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ይዘዋቸው ይውጡ። ከውኃው ራቅ ብለው ያስቀምጧቸው፣ አንድ ረዳትም ይኑርዎት።

የታተመ ታሪክ የሚያስፈልግዎት ልጆቹ የራሳቸውን ምንባብ ማንበብ ሲለምዱ ነው፤ የማያውቁትን ዓለም የሚያዩት በእሱ ነውና። በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው የልጆች ታሪክ ክምችት አማርኛም አለው። ታሪኮቹን ያለ ክፍያ ማውረድና ማተም ይቻላል፤ የጸሐፊውንና የሠዓሊውን ስም ማስፈር ግን ግዴታ ነው። ባሕር ዳር ሲመጡ በስልክዎ አውርደው በጥቁርና ነጭ ያሳትሙ። ከማተምዎ በፊት ግን ታሪኩን ጮክ ብለው ለራስዎ ያንብቡት። ብዙዎቹ ከሌላ ቋንቋ የተመለሱ ስለሆኑ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር አማርኛ ቃል ይዞ የአማርኛ ወግ ሊጎድለው ይችላል። እርስዎ ሲያነቡት ካደናቀፈዎት ልጁን ይጥለዋል። ፈቃዱ ማስተካከልን የሚከለክል ካልሆነ እንደ አካባቢዎ አነጋገር ያቅኑት፤ ከልካይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ይምረጡ።

የ64 ልጆች ክፍል በአንድ ላይ አይነበብም። የ40 ደቂቃውን ክፍለ ጊዜ ለሁለት ይክፈሉት። 32ቱ ከእርስዎ ጋር ማዳበሪያው ፊት ቆመው ሲያነቡ፣ 32ቱ በሦስት በሦስት ሆነው በአንዱ መጽሐፍ ላይ ይሥሩ፤ አንዱ ያነባል፣ ሁለተኛው በጣቱ ይከተላል፣ ሦስተኛው መጽሐፉን ሳያይ አዳምጦ የሰማውን ይናገራል። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። አንድ መጽሐፍ ለሦስት መሆኑ ችግር ነው፤ ቢሆንም ሳያይ የሚያዳምጥ ጆሮ በቡድኑ ውስጥ መኖሩን እኔ መጽሐፍ ቢተርፈኝም አልተወውም። አንባቢው ቆጥሮ ካነበበ አድማጩ «አልገባኝም» ይለዋል፤ ልጅ ከመምህሩ ይልቅ የጓደኛውን «አልገባኝም» ቶሎ ይሰማል።

በየቀኑ ሦስት ልጆችን ለብቻ አስነብበው ይስሙ። 64ቱን ለማዳረስ 22 የትምህርት ቀን ይበቃዎታል። በደብተርዎ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፤ ይቆጥራል ወይስ ያነባል፣ ሲሳሳት ራሱ ተመልሶ ያርማል ወይ፣ ያነበበውን መልሶ ይናገራል ወይ። ሰዓት አይያዙበት። የንባብ ፍጥነት በምዘና ጊዜ ይለካል፤ በዕለት ትምህርት ላይ ግን ልጁን ወደዚያው የፊደል ሩጫ ይመልሰዋል። ከሦስቱ እኔ ትልቅ ዋጋ የምሰጠው ለሁለተኛው ነው። «ዓሣው ይበላል»ን አላልቶ አንብቦ፣ ቆም ብሎ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አጥብቆ ያነበበ ልጅ ከቁጥር ወጥቷል፤ የቀረው ልምምድ ብቻ ነው።

ፊደል ያልለዩት ዐሥሩ ልጆች ይቀራሉ። በመጀመሪያ ያያሉ ወይ፣ ይሰማሉ ወይ የሚለውን ያጣሩ፤ ፊት ረድፍ አስቀምጠው ሁለት ሳምንት ይመልከቱ። ከታሪኩ አያግሏቸው። ማዳመጥ፣ መመለስ፣ ሥዕሉን መሣል እንደ ሌሎቹ ይሥሩ። ፊደሉን ግን ከ«ሀ» አያስጀምሯቸው፤ ከራሳቸው ስም ያስጀምሯቸው። ለእያንዳንዱ ስሙን በካርቶን ጽፈው በክር አንገቱ ላይ ያንጠልጥሉለት። ስሟ ሰላም የሆነ ልጅ ሰ፣ ላ፣ ም አላት። የዐሥሩ ልጆች ስም ሲደመር ከሃያ ያላነሰ የተለያየ ፊደል ሊያወጣ ይችላል፤ አንዱ ልጅ ከሌላው አንገት ላይ የራሱን ፊደል ሲያገኝ ይጮኻል፣ እሱንም ይፍቀዱለት። በየጠዋቱ የስም ካርዶቹን ከጠረጴዛ ላይ ደባልቀው የየራሳቸውን፣ ከሳምንት በኋላ የጓደኛቸውን፣ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ከታንኳው ምንባብ ላይ የስማቸው ፊደል ያለበትን ቃል እየፈለጉ ያምጡ። የሰላም «ላ» «ቀላል» ውስጥ ትገኛለች።